ሞት አይቀርም፤ ስም ግን እንዳይቀበር

«ሞት አይቀርም፤ ስም አይቀበርም» ይላል ያገራችን ሰው። አባቶቻችን ይህን ሲሉ መልካም ሥራ ከመቃብር በላይ ይኖራል ማለታቸው ነው። እኛ ግን በወልድያ ከተማ ከአንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ነገሩን ስናሰላስል፣ ስምም ከባለቤቱ ጋራ አብሮ የሚቀበርበት ጊዜ እንዳለ ታየን።

የዕድርን ሥራ የተመለከተ ሁሉ ሳያመሰግን አያልፍም። የሰው መሞት በተሰማ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ድንኳኑ ይተከላል፤ ወንበሩ ይደረደራል፤ ጸሐፊውም ደብተሩን ይዞ የመጣውንና የቀረውን ይለያል። እስላሙና ክርስቲያኑ አብሮ ይቀብራል፤ አብሮ ያስተዛዝናል። እንግዲህ ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንደ ቀበረና ማን እንደ ቀረ ዕድሩ ጠንቅቆ ያውቃል። መንግሥት ግን ሄዶ የሚያስታውቀው ካልተገኘ ሟቹን በሕይወት እንዳለ ይቈጥረዋል።

በዚያው ለቅሶ ቤት ከመርሳ በኩል የመጡ አንዲት ባልቴት የተማርን መሆናችንን ሰምተው ወደ እኛ ቀረብ አሉ። ባለቤታቸው የመንግሥት ሠራተኛ ኖረው ባለፈው ዓመት አርፈዋል። የጡረታ አበል ለመቀበል ቢሄዱ የሞት ምስክር ወረቀት አምጡ ተባሉ። «ልጆቼ፣ ሰልስቱንም ዐርባውንም አውጥቻለሁ፤ አገር ሁሉ አልቅሶልኛል። ደግሞ ምን ቀረኝ?» ሲሉ ጠየቁን። «እማማ፣ የቀረዎት አንድ ወረቀት ነው» ብለን ለመመለስ አፋችን ከበደን።

ስለ ሞት ምዝገባ የሚናገረው ሕግ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760 ነው። ምዝገባውም በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በሕጉ መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌው ለሚገኘው የክብር መዝገብ ሹም መነገር አለበት። የመናገሩ ግዴታ በቅድሚያ ከሟቹ ጋራ አብሮ በኖረው ሰው ላይ ይወድቃል፤ እርሱ ባይኖር በሥጋ ወይም በጋብቻ ዘመድ፣ ዘመድም ባይገኝ በጎረቤት ላይ ነው። በሐኪም ቤት የሞተ እንደ ሆነ የሐኪም ቤቱ ማስረጃ አብሮ ይቀርባል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል። ሐዘንተኛው ቀኑን የሚቈጥረው እስከ ዐርባ ነው። ሕጉ የሚቈጥረው ግን እስከ ሠላሳ ነው። የዐርባው ጠላ ሲጠመቅ የሕጉ ቀን አልፏል ማለት ነው! ቀኑ ቢያልፍም መመዝገብ አይከለከልም፤ ነገር ግን ማስረጃውና ምልልሱ ይበዛል፤ ምስክር የሚሆነውም ሰው ከጊዜ ጋራ ይበተናል።

ይህ ነገር ለአገራችን አዲስ አሳብ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ በሰፊው ደንግጎ ነበር። ይሁን እንጂ ያው ሕግ በቁጥር 3361 በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ እስኪታወቅ ድረስ ይቈይ ስላለ፣ መዝገቡ ሳይከፈት ከሃምሳ ዓመት በላይ ኖረ።

የመቈየቱን ዋጋ ከወሎ ይልቅ የሚያውቀው የለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በደረሰው ረኃብ ከቆቦ በወልድያና በመርሳ አልፎ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ በራብተኛ ተሞልቶ ነበር። ስንት ሰው እንዳለቀ ግን ዛሬም ያከራክራል፤ አንዱ 40,000 ሲል ሌላው 200,000 ይላል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያሉት ሰዎች ስም ነበራቸው፤ የጻፈላቸው አልተገኘም እንጂ።

የሞተ ሰው መዝገብ የቆመውን እንደሚያድን ሌላው ዓለም አስቀድሞ ተረድቶታል። በ1662 እ.ኤ.አ. ጆን ግራንት የተባለ የለንደን ነጋዴ የየአጥቢያውን የሟቾች ዝርዝር መርምሮ፣ ከተወለዱት ሕፃናት ከመቶ 36ቱ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ገመተ። በአዲስ አበባም ኤድስ ስንቱን እንደሚገድል ለማወቅ በተፈለገ ጊዜ የመንግሥት መዝገብ ስላልነበረ፣ በ1993 ዓ.ም. በየመካነ መቃብሩ የቀብር ምዝገባ ማስጀመር ግድ ሆኖ ነበር።

ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች ተይዛ በቈየችበት ጊዜ የአስተዳደሩ ሥራ ተቋርጦ ነበር። በዚያ ወራት ሰውም ሞቷል፤ የት እንደ ደረሰ ያልታወቀም አለ። የጠፋን ሰው በተመለከተ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 154፣ ወሬው ሳይሰማ ሁለት ዓመት ያለፈው እንደ ሆነ፣ ጥቅም ያለው ሰው መጥፋቱ በፍርድ ቤት እንዲወሰን ማመልከት እንደሚችል ይናገራል። ይህን መብቱን የሚያውቅ ቤተሰብ ግን ስንቱ ነው? ጥሪቱን ወራሽ ሊካፈለው ሳይችል፣ የሙት ልጅም ሞግዚት ሳይቆምለት ዓመቱ ያልፋል።

ስለዚህ ተማሪ ወንድማችንና እኅታችን ሆይ፣ ለዕረፍት ወደ አገርህ ስትገባ፣ ወደ አገርሽ ስትገቢ፣ ለቅሶ ደርሶ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ማለት ብቻ አይበቃም። ሦስተኛው ቀን ካለፈ በኋላ ቀስ ብሎ ስለ 30ው ቀን መንገርና ሐዘንተኛውን ይዞ እስከ ቀበሌው መሄድ የተማረ ሰው ዕዳ ነው። በወንበር ላይ የተቀመጥህ ወጣት ሹምም፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ከፊትህ ስትቆም «ነገ ተመለሺ» ከማለትህ በፊት ከስንት ሰዓት መንገድ እንደ መጣች ጠይቃት።

የዕድሩ ጸሐፊ ደብተርና የቀበሌው መዝገብ አንድ መንደር ውስጥ እየኖሩ አይተዋወቁም። ጸሐፊው ሟቹን ከደብተሩ በሰረዘ ቀን ለቀበሌው ቢያስታውቅና ቤተሰቡን ቢመራ አዲስ ሕግም አዲስ ገንዘብም አያስፈልግም።

እማማን በማግሥቱ ወደ ቀበሌያቸው ሸኘናቸው። ሦስት የዕድር ሽማግሌዎች ለምስክርነት አብረዋቸው ሄዱ። ባለቤታቸውን የቀበሩት እነዚያው ሽማግሌዎች ነበሩ።