ቅጠሉ በነጣ ዘሩ ይከሰሳል

ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ወርዶ፣ ማሽላው በቡቃያው የገረጣበትን ገበሬ ያነጋገረ ሰው «ዘሩ አርጅቷል፣ ቀይር ተባልኩ» የሚል መልስ አያጣም። መካሪው ብዙ ጊዜ የሚሸጥ ዘር ይዞ የቆመ ሰው ነው። የሚያበሳጨው የይፋትን ቆላ ሙቀትና የዝናብ መቆራረጥ የለመደ የአያት ዘር በአንድ ክረምት ቅጠል ተፈርዶበት ከጎተራ መውጣቱ ነው።

አባባሉ ጭራሽ ባዶ አይደለም። ብዙ ዓመት የተቀመጠ ዘር የመብቀል አቅሙ ይደክማል፤ ከድቅል ማሽላ የተሰበሰበ ፍሬም ተመልሶ ሲዘራ ይዘበራረቃል። ግን ቅጠል ላይ የታየ ሁሉ ከዘር አይመጣም። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም ነው። ከመሬት ብቅ ከማለቱ በፊት ለሳምንታት የማሽላውን ሥር ይዞ ይመጠምጣል። ገበሬው የሚያየው የጠወለገ፣ ቢጫ ቅጠል ብቻ ነው፤ አረም የለም፤ ስለዚህ ዘሩ ይከሰሳል። ቢቀይረውም የአቀንጭራው ፍሬ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል።

መቀየሩ የሚያዋጣው የሚቋቋም ዝርያ ከተገኘ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ካስገኘላቸው የፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጄታ ሥራ የወጡት «ጎብዬ» እና «አብሽር» የአቀንጭራን ፍሬ የሚያበቅለውን ንጥረ ነገር ከሥራቸው የሚያወጡት በጥቂቱ ነው። ጠባዩ የመጣው ከዘረ መል ጉድለት ነው፤ ጉድለቱም ለልጅ ይተላለፋል። ሚውቴሽን (የዘረ መል ለውጥ) ሁሉ ብልሽት ነው ባዮች ይህን ምን ይሉታል?

ከዘር የሚመጣ ንጣትም አለ። አልፎ አልፎ ወረቀት የመሰለ ቡቃያ ይወጣል፤ አረንጓዴው ቀለም ስለሌለው ፍሬው ውስጥ የነበረውን ስንቅ ጨርሶ በጥቂት ሳምንት ይሞታል። «ነቅዬ አጠፋሁት» የሚሉ አሉ። ዘር ሳይሰጥ የሚሞት ተክል ግን ራሱን አላወረሰም፤ ያወረሱት ጠባዩን ደብቀው የያዙ አረንጓዴ ወላጆች ናቸው። እንዲህ ያለ ተክል ራሱን በራሱ ሲያዳቅል ከአራት ልጆቹ አንዱ ገደማ ነጭ ይሆናል፤ ከሦስቱ አረንጓዴዎች ሁለቱ ደግሞ ድብቁን ይሸከማሉ። ዓይን አይለያቸውም። ጥቂት ነጭ ቡቃያ ምርት አይቀንስም፤ በሽልሻሎ ጊዜም ማሳው መሳሳቱ አይቀርም።

መለየት የፈለገ፣ ቅጠሉ ያጠራጠረውን ተክል ራስ ሳያብብ በወረቀት ከረጢት ይሸፍን፤ ፍሬውን በሚቀጥለው ክረምት ሌላ አፈር ላይ ለብቻው ይዝራ። ምልክቱ ከተመለሰ ከዘር ነው። ካልተመለሰ በአብዛኛው ከመሬቱ ነው። በአብዛኛው ያልኩት ያለ ነገር አይደለም፤ ብርድ ሲሆን ገርጥተው ሙቀት ሲያገኙ አረንጓዴ የሚሆኑ የሩዝ ሚውታንቶች አሉ፤ ጠባዩ ከዘር ሆኖ የሚገለጠው በአየሩ ነው።

ወይን ጠጅ ነጠብጣብስ? ተባይም ሻጋታም ሊያመጣው ይችላል፤ ቀለሙ ግን የዝርያው ነው። ያው ቁስል በሌላ ዝርያ ላይ ቡናማ ይሆናል።

ወይን ጠጅ ቅጠል ከብት ይገድላል የሚለውም ቀለሙን ያለ ጥፋቱ ይወነጅላል። የሚገድለው ሳያናይድ ነው፤ እሱም በለጋ ማሽላና ከድርቅ በኋላ ባቆጠቆጠው ላይ ይበረታል፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ቢሆንም።