እንደ እጅጌ የተቀለበሰው አንጀት

ትልቁ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው ገና ከአልጋው ሳይነሣ ጠያቂው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ «መቼ ነው የሚመለስልህ?» ጥያቄው ከደግነት የመነጨ ነው፤ ክፋት የለበትም። ስህተት ግን አለበት፤ ስህተቱም ያለው ግሡ ላይ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ግሥ የመጣበት መንገድ ግልጽ ነው። በአገሪቱ ሆስፒታሎች በጣም ከተለመዱት ድንገተኛ የሆድ ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ሲግሞይድ የተባለው የትልቁ አንጀት ክፍል ሲጠማዘዝ የሚደረገው ነው፤ ሰዉ «አንጀቱ ታጠፈ» የሚለው ማለት ነው። የተጠማዘዘው ቁራጭ ይወጣል፤ አስፈላጊ ሲሆን የቀረው ጫፍ ለጊዜው በሆድ በኩል ይከፈትና ከወራት በኋላ ተመልሶ ይገጠማል። ያ በእርግጥ መመለስ ነው፤ ሁለቱም ጫፎች እዚያው ሆነው ሲጠባበቁ ነበርና። በአልሰራቲቭ ኮላይተስ ምክንያት ትልቁን አንጀት በሙሉ ያስወጣ ሰው ግን ምኑ ይመለስለታል? አንድ ሜትር ተኩል ያህል የነበረው አንጀቱ ወደ ፓቶሎጂ ክፍል ሄዷል። ከዚህ ወዲያ የሚደረገው ሁሉ አዲስ ግንባታ ነው።

ስለ በሽታው ብዙ ማለት አያስፈልግም። የሰውነት መከላከያ የገዛ ራሱን የትልቁን አንጀት ውስጠኛ ሽፋን ያቆስላል፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይመጣል፤ መድኃኒቱ አልሠራ ሲል ወይም ካንሰር ሲያሰጋ አንጀቱ ይወጣል። ብዙ የሚያስወራው ከዚያ በኋላ በሆድ ቀኝ በኩል ብቅ የምትለው ቀይ ጉብታ ናት። ስሟ ኢሌኦስቶሚ ይባላል፤ ባጭሩ ስቶማ። የትንሹ አንጀት ጫፍ ናት። ሁሉም ሰው እንደ ጊዜያዊ እንግዳ፣ ቶሎ እንደምትሸኝ ያያታል። ይህ ጸሐፊ ግን በቀዶ ሕክምና ታሪክ ውስጥ እንደ እርሷ ውለታዋ የተዘነጋባት ትንሽ ነገር መኖሩን ይጠራጠራል።

ከ1950ዎቹ በፊት (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የትንሹ አንጀት ጫፍ ተቆርጦ ከሆድ ቆዳ እኩል ወይም እርቃኑን እንደ ወጣ ይተው ነበር። የሚወጣው ፈሳሽ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞች አሉበትና ቆዳን ይልጣል። የባሰው ችግር ግን የማይታየው ነበር። የአንጀት ውጫዊ ሽፋን ከዚህ ፈሳሽ ጋር ተገናኝቶ አያውቅም፤ ሲነካው ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይደድራል። ቀዳዳው ይጠብባል፤ ከጠበበው በስተኋላ ያለው አንጀት ይወጠርና ውሃና ጨው በሊትር ያፈስሳል። ሐኪሞች ሕሙማኑን በዚህ መንገድ ሲያጡ ቀዶ ሕክምናውን እስከ መጨረሻው ሰዓት ማዘግየታቸው አይገርምም። ያዘገዩትም ደግሞ በሽተኛው ከደከመ በኋላ ስለሚደርስ፣ ውጤቱ ፍርሃታቸውን መልሶ ያጸናው ነበር።

በ1952 ብራያን ብሩክ የተባለ የበርሚንግሃም ቀዶ ሐኪም «ዘ ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ቀላል ዘዴ አሳተመ። የአንጀቱን ጫፍ ከቆዳው በላይ ሳብ አድርጎ ያወጣል፤ እንደ ሸሚዝ እጅጌ ወደ ውጭ ይቀለብሰዋል፤ ጠርዙን ከቆዳው ጋር ይሰፋዋል። አዲስ መሣሪያ የለ፣ አዲስ መድኃኒት የለ።

እጅጌውን ቀልብሶ የሚያውቅ ሰው ብልሃቱ ወዲያው ይገባዋል። ከፈሳሹ ጋር የኖረው ውስጠኛው ሽፋን ወደ ውጭ ይወጣል፤ ፈሳሹን የማይችለው ውጫዊው ሽፋን በእጥፉ መሐል ይደበቃል። በአንድ እጥፍ እብጠቱም ጥበቱም ቀረ። ሁለተኛው ጥቅም የከፍታው ነው። ከቆዳ በላይ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር የቆመችው ጉብታ ሥራዋ የጀበና አፍ ሥራ ነው። አፍ የሌለው ጀበና ቡናውን በገዛ ሆዱ ላይ ያዝረከርከዋል፤ አፍ ያለው ግን አርቆ ሲኒው ውስጥ ያወርደዋል። ስቶማም ፈሳሹን ቆዳ ሳታስነካ ሆድ ላይ በሚለጠፈው ከረጢት ውስጥ ትጥለዋለች። ዛሬም በዓለም ዙሪያ የሚሠራው ይኸው የብሩክ እጥፍ ነው።

መልኳ የከንፈር ውስጥ መልክ ነው፤ ቀይና እርጥብ። ከጠቆረች ወይም ከገረጣች ሐኪም ጋ መሮጥ ነው። ስትቆረጥ ሕመም የሚያሰማት ነርቭ የላትም፤ ስለዚህ ባለቤቷ ሳያውቅ ሊያቆስላት ይችላል። እዚህ ላይ ጥቂት ወቀሳ ሳይገባ አይቀርም። የከረጢቱን ቀዳዳ በግምት እየቀደዱ፣ ከስቶማው አስፍተው ለጥፈው፣ ቆዳቸው ሲላጥ «ስቶማው አልተስማማኝም» የሚሉ አሉ። ጥፋቱ የመቀሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ስምንት ሳምንታት የስቶማው እብጠት ይቀንሳልና ልኩ በየጊዜው እንደገና መወሰድ አለበት።

ይህን ለሕሙማን ማስተማር ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው በአሜሪካ ክሊቭላንድ ክሊኒክ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ሩፐርት ተርንቡል በ1958 አብራው እንድትሠራ ያመጣት ኖርማ ጊል ነርስ አልነበረችም፤ እርሱ ራሱ ለአልሰራቲቭ ኮላይተስ ቀዶ ሕክምና ያደረገላት ሕመምተኛው ነበረች። ከረጢት ለብሳ ስለ ከረጢት ታስተምር ነበር። ዛሬ በሠለጠኑት አገሮች የስቶማ ነርስ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በሽተኛውን አስቀምጣ፣ አስጎንብሳ፣ ቀበቶው የት እንደሚውል አይታ ሆዱ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት የምታደርገው ከዚያ በተጀመረው ሙያ ነው። «ከረጢት ለብሶ ምን ይሠራል?» ለሚል ሰው ደግሞ ሮልፍ ቤኒርሽኪ አለለት። የሳንዲያጎ ቻርጀርስ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ነበር፤ በ1979 በዚሁ በሽታ ሞት አፋፍ ደርሶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በ1980 ከረጢቱን ለብሶ ወደ ሜዳ ተመለሰ።

እንግዲህ ስቶማዋ ትቆይ ወይስ ሌላ ይሠራ የሚለው ውሳኔ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በድንገተኛ ሁኔታ ወይም ሰውነቱ ስቴሮይድ በተባለው መድኃኒት ደክሞ ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ሰው ትልቁ አንጀቱ ይወጣል እንጂ ሬክተም የተባለው የመጨረሻው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ በቦታው ይቀራል፤ እንደ ተቆረጠ ዛፍ ጉቶ። ጉቶው ምግብ ባይደርሰውም ንፍጥ ያመነጫል። ስለዚህ ከረጢት የለበሰ ሰው በድሮው መንገድ ንፍጥ፣ አንዳንዴም ደም ሲወጣው ይደነግጣል። መገረም የለበትም፤ በሽታው ጉቶው ላይ አለ። ካንሰርም ሊነሣበት ይችላል።

ጉቶውን ምን እናድርገው ለሚለው ጥያቄ መልሶቹ ጥቂት ናቸው። አንደኛው፣ አውጥቶ ስቶማዋን ቋሚ ማድረግ ነው፤ በሽታውን ከነሥሩ የሚነቅል፣ ከሌሎቹ ይልቅ ለመገመት የሚቀል መንገድ ነው። ሁለተኛው፣ ትንሹን አንጀት በቀጥታ ከጉቶው ጋር መግጠም ነው፤ ሬክተሙ ብዙም ላልተጎዳ ሰው ብቻ ይሆናል፤ ዕድሜ ልክ ክትትል ይጠይቃል። ሦስተኛው በ1969 የስዊድኑ ኒልስ ኮክ ያስተዋወቀው፣ ሆድ ውስጥ የሚቀመጥና በቱቦ የሚፈስስ ማጠራቀሚያ ነው፤ መክደኛው እየተንሸራተተ ዳግም ቀዶ ሕክምና ስለሚያስከትል ዛሬ የሚሠሩት ጥቂቶች ናቸው።

ሰዉ ሁሉ «መመለስ» የሚለው አራተኛውን ነው። በ1978 ለንደን ውስጥ ሴንት ማርክስ ሆስፒታል አለን ፓርክስና ጆን ኒኮልስ ከትንሹ አንጀት ማጠራቀሚያ ሰፍተው ከፊንጢጣ ጋር የገጠሙበትን ሥራ አሳተሙ። በ1980 የጃፓኑ ጆጂ ኡትሱኖሚያ ቅርጹን አቀለለው፤ አንጀቱ እንደ ጄ ፊደል ታጥፎ ሁለቱ ጎኖቹ ይጋጠማሉ። ጄ ፓውች ይባላል። ብዙ ሰው ደስ ብሎት የሚኖርበት ድንቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ትልቁ አንጀት አይደለም። ባለ ጄ ፓውች በቀን ከአራት እስከ ስምንት ጊዜ ሽንት ቤት ይሄዳል፤ ሌሊትም አንድ ጊዜ መነሣት የተለመደ ነው። ትልቁ ለውጥ በሽታው የሚያመጣው «አሁኑኑ» የሚል ጥድፊያ መቅረቱ ነው፤ አብዛኛው ሰው ይዞ መቆየት ይችላል። እስከ ግማሽ የሚደርሱት ግን ቢያንስ አንድ ጊዜ ማጠራቀሚያው ይቆጣባቸዋል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ሜትሮኒዳዞል የተባለ አንቲባዮቲክ ይሰጣቸዋል። ጥቂቶች ከዓመታት በኋላ ወደ ስቶማ ይመለሳሉ። መመለስ የሚለው ቃል ያኔ ቢነገር ይሻል ነበር።

ከመወሰን በፊት የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። የወጣው አንጀት የፓቶሎጂ ውጤት ምን ይላል? ክሮንስ የተባለው ሌላው የአንጀት በሽታ ከሆነ ፓውቹ የመበላሸት ዕድሉ ከፍ ስለሚል ብዙ ቀዶ ሐኪሞች አይደፍሩም። የፊንጢጣ ጡንቻው ጠንካራ ነው? ሴቲቱ ወደፊት መውለድ ትፈልጋለች? ዳሌ ውስጥ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና የሚተወው ጠባሳ የማሕፀን ቱቦዎችን ስለሚያውክ በተፈጥሮ መንገድ የመፀነስ ዕድልን በእጅጉ ሊቀንስ ይችላል፤ በትንንሽ ቀዳዳ የሚሠራው ጉዳቱን ያለዝበዋል። በዚህ ምክንያት በስቶማ ቆይተው፣ ወልደው፣ ከዚያ ስለ ፓውች የሚወስኑ አሉ። ወንዱም በዚያ አካባቢ ያሉ ነርቮች ሊጎዱ እንደሚችሉ ሳያፍር ይጠይቅ። ጥያቄው በሐኪሙ ክፍል ሲነሣ ይሻላል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በመኝታ ቤት ከሚነሣ።

ጥድፊያ አያስፈልግም። ትልቁ አንጀት ከወጣ በኋላ ሰውነት እስኪያገግም፣ ስቴሮይዱ እስኪቆም ወራት ይጠበቃል፤ ዓመታት የሚጠብቁም አሉ። ሊዘገይ የማይገባው የጉቶው ክትትል ብቻ ነው። «ደኅና ነኝ» ብለው ከክሊኒክ የሚጠፉ ሰዎች የሚያሳዝኑት ለዚህ ነው፤ ሆዳቸው ደኅና ሆኖ ጉቶው ላይሆን ይችላል።

እስከዚያው ስቶማዋ የራሷ ደንብ አላት። ትልቁ አንጀት ውሃና ጨው የሚመልስ ነበር፤ እርሱ ስለሌለ ጤነኛው ሰው የማይሰማውን ጥም የስቶማ ባለቤት በግማሽ ቀን ይደርስበታል። ፈሳሹ ሲበዛ ባዶ ውሃ ደጋግሞ መጠጣት ይብሱን ያባብሰዋል፤ የሚያዋጣው በየፋርማሲው የሚሸጠው ኦ.አር.ኤስ. ነው። ውሃም ሳይቀምሱ ውለው የሚጾሙ ክርስቲያኖችና በረመዳን የሚጾሙ ሙስሊሞች ከሐኪማቸው ጋር ከተመካከሩ በኋላ የንስሐ አባታቸውን ወይም ሼኻቸውን ቢያነጋግሩ ይበጃል። ልዩ ልባስ ያላቸው ክኒኖች ሳይሟሙ ከረጢቱ ውስጥ ሊገኙ ስለሚችሉ ለፋርማሲስቱም መንገር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለመኖር የሚያስብ ደግሞ ከረጢቱ ከየት እንደሚገኝና ስንት እንደሚያወጣ አስቀድሞ ያጣራ፤ ይህም ከሕክምና ጥያቄዎቹ እኩል ይመዝናል።

ይህ ጸሐፊ የሚያውቃት አንዲት ሴት በከረጢቷ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ዘመዶቿ ዛሬም በየበዓሉ «መቼ ይመለሳል?» ይሏታል። መጀመሪያ ላይ ቀን ትቆርጥላቸው ነበር፤ አሁን ቡናውን እየቀዳች «ምኑ?» ብላ ትጠይቃቸዋለች። በሚቀጥለው ወር ጉቶዋን የምትታይበት ቀጠሮ አላት። ስለ ፓውቹ ገና አልወሰነችም።