ጣፊያ ሲያብጥ ደሙም ይቆጠር

በጉና ዙሪያ በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት በግራ ጎናቸው የመተኮስ ጠባሳ ያለባቸው ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። «ጣፊያ ይዞት ነው» ይባልና ብረት ይግላል። ያበጠ ጣፊያ ግን የሌላ በሽታ ምልክት ነው፤ መተኮስ ምክንያቱን አይነካውም።

በእኛ አካባቢ ጣፊያ በማሳበጥ የታወቁት ወባና ካላዛር ናቸው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የታየውን የካላዛር ወረርሽኝ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ምክንያትም አለ፤ «ሲኤምኤል» የሚባለው ቀስ ብሎ የሚያድግ የደም ካንሰር። ድካም፣ የሌሊት ላብ፣ ክሳትና ጥቂት ቀምሶ መጥገብ ምልክቶቹ ናቸው። ከካላዛር ጋር ቢመሳሰልም የደም ሴል ቆጠራ ፍንጭ ይሰጣል፤ በካላዛር ነጭ የደም ሴል አብዛኛውን ጊዜ ያንሳል፣ በሲኤምኤል እጅግ ይበዛል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ «ደሙም ይቆጠርልን» በሉ።

ለምን ይበዛል? በሴሎቻችን ውስጥ «ኤቢኤል» የሚባል ጂን አለ። ሥራው እንደ እድር ጡሩምባ ነፊ ነው፤ ሲያስፈልግ መልእክት ያስተላልፋል፣ ከዚያ ዝም ይላል። በአንድ የመቅኔ ሴል ውስጥ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ሲለዋወጡ ግን ኤቢኤል «ቢሲአር» ከሚባል ጂን ጋር ይጣበቃል። ያን ጊዜ ጡሩምባው ቀንና ሌሊት ይጮኻል፤ ሴሎቹም ያለማቋረጥ ይራባሉ። የተለወጠው ክሮሞዞም እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ ተገኘ።

ለውጡ የሚደርሰው ከተወለድን በኋላ ነው። ከወላጅ አይወረስም፣ ወደ ልጅም አይተላለፍም። «በዘራቸው አለ» ብሎ ጋብቻ ማፍረስ ግፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የተፈቀደው ኢማቲኒብ፣ በንግድ ስሙ ግሊቬክ፣ ይህን ጡሩምባ ዝም የሚያሰኝ እንክብል ነው። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ታካሚዎች በአምራቹ በኖቫርቲስ የርዳታ ፕሮግራም በነፃ ወስደውታል።

አስቸጋሪው ነገር ሲሻል ይመጣል። ጣፊያው ይሟሽሻል፣ ጉልበት ይመለሳል፣ የመንገዱ ወጪ ይከብዳል፤ «ድኛለሁ» ተብሎ መድኃኒቱ ይቋረጣል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከተቋረጠ በሽታው ሊያገረሽ፣ ጂኑም ዳግም ተለውጦ መድኃኒቱን ሊቋቋም ይችላል።

ጸበል የሚሄድ እንክብሉን ይዞ ይሂድ። የሚወሰደው ከምግብና ከብዙ ውሃ ጋር ስለሆነ ጿሚም ከማዕዱ ጋር ሊውጠው ይችላል። ለመውለድ ያሰበች ሴት አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር። መሳፈሪያውን ደግሞ ቤተሰብ ይካፈለው፤ አንድ ሰው ብቻውን ሲሸከመው ነው ቀጠሮው የሚያልፈው።