ስለ ቤተ ዘመድ ድረ ገጽ አሰነዳድና ስለ ማውጫው

በዚህ ዘመን ቤተ ዘመድ በአንድ አገር ተሰብስቦ የሚኖር አይደለም። አባት በአዲስ አበባ፣ ልጅ በዋሽንግተን፣ እኅት በዱባይ ሆነው ሲኖሩ፣ የትውልድ ቈጠራውና የአያቶች ፎቶግራፍ፣ የሰርጉና የተዝካሩ ቀን በአንድ ስፍራ እንዲገኝ በማሰብ ድረ ገጽ የሚያሠሩ ቤተሰቦች አሉ። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ሥራው አልቆ ሲታይ፣ ብዙ ጊዜ መግቢያና መውጫውን የሠራው ወጣት ብቻ የሚያውቀው ቤት ሆኖ ይገኛል። አሮጊቷ እናት የባለቤታቸውን ሥዕል ለማየት የልጅ ልጅ እስኪመጣላቸው መጠበቅ ካለባቸው፣ ድረ ገጹ ከተቈለፈ ሣጥን በምን ይሻላል? ስለዚህ ስለ ገጽ አቀማመጥና ስለ ማውጫ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

ለዚህ ሥራ እጅግ የተለመደው መሣሪያ ዎርድፕሬስ የሚባለው ነው። ማት ሙለንወግና ማይክ ሊትል የተባሉ ሰዎች በ2003 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናል) ያወጡት ሲሆን ዋጋ አይጠየቅበትም። ጠባዩ ጽሑፉን ከመልኩ ለይቶ ማስቀመጡ ነው። ጽሑፉ በመዝገብ ተከትቶ ይኖራል፤ መልኩን የሚሰጠው ቴም የሚባለው ልብስ ነው። ማውጫን እንደ ልብ ማሰናዳት የተቻለው በ2010 በወጣው በ3.0 እትም ሲሆን፣ በ2022 ከወጣው ከ5.9 እትም ወዲህ ደግሞ ለዚሁ በተሠሩ ቴሞች ራስጌውንና ግርጌውን ጭምር ብሎክ በሚባሉ ክፍሎች እያነሡ ማስቀመጥ ተችሏል። በቀድሞው ዐይነት ቴም የሚሠራ ሰው ግን የቴሙን ፋይል ራሱን ቢለውጥ፣ ማሻሻያ በመጣ ጊዜ ድካሙ ሁሉ ይጠፋበታል። ለውጡን «ልጅ ቴም» በሚባለው ለብቻው መጻፍ ይገባዋል።

ማውጫው አጭር ይሁን። «የቤተ ዘመዳችን ታሪክና የትውልድ ቈጠራ» ከማለት «ትውልድ» ማለት ይበቃል፤ ረጅም ስም በስልክ ላይ ተሰብሮ ሁለትና ሦስት መስመር ይይዛል። በስልክ ደግሞ ማውጫው አብዛኛውን ጊዜ በሦስት አግድም መስመሮች ምልክት ሥር ይደበቃል። ይህን ምልክት በ1981 ኖርም ኮክስ የተባለ ሠዓሊ ዜሮክስ ስታር ለተባለው ኮምፒውተር የሣለው ነው፤ ለለመደው በር ነው፣ ላለመደው ግን ጌጥ ይመስለዋል። በብሎክ በሚሠራው ማውጫ ምልክቱን አስቀርቶ በቃል እንዲጻፍ፣ ወይም ጨርሶ እንዳይደበቅ ማዘዝ ይቻላል። እኛ የሚሻለው አለመደበቁ ነው እንላለን። እንደዚሁም በኮምፒውተር ጐን ለጐን የተቀመጡ ሁለት ዐምዶች በስልክ ላይ አንዱ ከሌላው በታች ስለሚወርዱ፣ ዋናው ነገር በፊተኛው ዐምድ መሆን ይኖርበታል።

ፊደላችንም የራሱ ጠባይ አለው። ለላቲን ጽሑፍ የተሰናዳ ቴም የግዕዝ ፊደል ላይኖረው ስለሚችል፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የመሰለውን በነጻ የሚገኝ ፊደል መጨመርና በመስመሮቹ መካከል ሰፋ ያለ ቦታ መተው ያስፈልጋል። ቃልን ለማጕላት ፊደሉን ማዝመም ለዐይናችን አያምርም፤ እንደ ብራና መጻሕፍት ቀይ ቀለም ይሻላል። የገጹ አድራሻ በአማርኛ ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ፊደል በውስጥ ወደ ዘጠኝ የላቲን ምልክቶች ይለወጣል። ዎርድፕሬስ ለአንድ ገጽ ስም ከ200 ምልክት በላይ ስለማይፈቅድ፣ ከ22 ፊደል ገደማ በኋላ ያለው ይቈረጣል። ስለዚህ አድራሻውን በእጅ አሳጥሮ መጻፍ፣ ለዘመድ ከተላከ በኋላም አለመለወጥ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚያስፈልገው ግን የፊተኛው ገጽ ነው። ዎርድፕሬስ ካልተከለከለ በቀር በመጨረሻ የተጻፈውን ነገር ከሁሉ በላይ አድርጎ ያሳያል። ለወሬ ጋዜጣ ይህ ይስማማል። ለቤተ ዘመድ ግን፣ መርዶ በአገራችን ልማድ በንጋት ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛውን የሚደግፍ ሰው በአጠገቡ ሆኖ የሚነገር ነውና፣ በባዕድ አገር በሥራ ቦታው ለብቻው ተቀምጦ ድረ ገጹን የከፈተ ልጅ የእናቱን ሥዕል ከዕረፍት ቀን ጋር ድንገት ቢያይ ምን ይሆናል? አጠገቡ የሚይዘው የለም። ስለዚህ «ንባብ» በሚባለው የማስተካከያ ክፍል ገብቶ የፊተኛው ገጽ ቋሚ እንዲሆን ማዘዝ ይገባል። በዚያ ላይ የቤተ ዘመዱ ስም፣ አንድ የቈየ ፎቶግራፍና ማውጫው ይበቃሉ። የሐዘን ማስታወቂያ በራሱ ገጽ ይዋል፤ ጽሑፉም ተሰናድቶ በረቂቅ ይቈይ፣ ሽማግሌዎች በየአገሩ ያለውን የቅርብ ዘመድ አርድተው ማብቃታቸውን ሳያስታውቁ እንዳይወጣ። ረቂቁን የማውጣት ሥልጣንም ለአንድ ለታመነ ሰው ብቻ ይሰጥ። የጸሐፊነት ማዕርግ ያላቸው የቀሩት «አስተዋፅኦ አድራጊ» በሚባለው ደረጃ ቢመዘገቡ፣ መጻፍ ይችላሉ እንጂ በራሳቸው ፈቃድ ማውጣት አይችሉም።