የመስቀል ወፍ በበጋ የት ትከርማለች?

ከዘመዶቹ ርቆ የሰነበተ ሰው ብቅ ሲል «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንድ ጊዜ» እየተባለ ይወቀሳል። በዚህ አነጋገር ውስጥ አንድ የሥነ ሕይወት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ወፏ በቀሩት ወራት የት ትኖራለች የሚለው ነው። በመስከረም ከአውሮጳና ከእስያ ብርድ ሸሽተው ወደ አገራችን የሚመጡ ወፎች በእርግጥ አሉ። የመስቀል ወፍ ግን ከእነዚህ ወገን አይደለችም፤ ዓመቱን ሙሉ ከእኛው ጋር ናት።

በዚህ ስም የሚጠሩት ከአንድ ዓይነት በላይ ናቸው። በደጋው ጥቁርና ቢጫው፥ በቆላው ጥቁርና ቀዩ ይታወቃሉ። በበጋ ወንዱም ሴቷም እንደ ድንቢጥ ቡናማ ሆነው በመንጋ ስለሚበሩ ማንም ልብ አይላቸውም። ክረምቱ ሲገፋ ወንዱ ላባውን ይለውጣል፤ መንቁሩም ይጠቁራል። ሴቷ እንደ ነበረች ትቀራለች። ገበሬው በመስከረም የሚያደንቀውን ወፍ፥ ቡናማ ልብሱን መልሶ ሲለብስ፥ ከማሽላው ላይ በወንጭፍ ያባርረዋል ማለት ነው።

ቀለሙን የሚያዘው ምንድን ነው? በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ኤሚል ዊቺ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዓመታት በዚሁ በቀዩ ወፍ ላይ ምርምር አድርጎ፥ የተኰላሸውም ወንድ ጊዜው ሲደርስ እንደ ሌላው ማጌጡን አሳየ። ትእዛዙ የሚወጣው እንግዲህ ከአንጎል ሥር ካለው ከፒቱታሪ ዕጢ ነው። ከዚያ በኋላ ወፉ የዚህን ዕጢ ሆርሞን ለመፈተሽ በላቦራቶሪ አገልግሏል። (በአገሩ የበዓል ወፍ መሆኑን ስንቱ ተመራማሪ ያውቅ ነበር?)

ዕጢውን የሚቀሰቅሰው ነገር ግን ገና ያከራክራል። በአውሮጳ ወፎች ላይ የቀኑ መርዘም ዋናው ምልክት ነው። በእኛ ሰሜን፥ በ13 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ፥ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። በአንጻሩ ዝናቡ ብርቱ ምልክት ነው፤ ወንዱ ጎጆውን የሚሠራው በቆመ ረጅም ሣር ውስጥ ነውና።

ነገሩን ለመመርመር የሊማሊሞ ቁልቁለት ይመቻል። ከደባርቅ እስከ ዛሪማ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩም በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚሞቅ፥ ደጋው በጉም ሳለ ቆላው ፀሐይ ይሞቃል። እርጥቡ የደቡብ ምዕራብ ነፋስ አፈግፍጎ ደረቁ የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ የሚተካበትን ሰሞን በሁለቱም ስፍራ መከታተል ይቻላል። ከነሐሴ መባቻ ጀምረን የየዕለቱን ዝናብና የጧቱን ሙቀት፥ የሣሩን ቁመት፥ መንቁሩ የጠቆረ ወንድ መጀመሪያ የታየበትን ቀን እንመዝግብ። የደጋውና የቆላው ዓይነት ስለሚለያይ፥ የዛሪማው ከዛሪማው፥ የደባርቁም ከደባርቁ ጋር በየዓመቱ መነጻጸር አለበት። ዝናቡ በዘገየበት ዓመት መስከረም 17 ቀን ወንዱ ገና ቡናማ ሆኖ ከተገኘ፥ አዛዡ ዝናቡ ነው ለማለት ያስደፍራል፤ ዝናቡ ዘግይቶም በቀኑ ካጌጠ ግን ያቺን የአንድ ሰዓት ተኩል ልዩነት እንደገና መመርመር ይኖርብናል።