ትልቁ አቃቂና የአባ ሳሙኤል ግድብ

ከእንጦጦ ተራራና ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ካሉት ከፍታዎች የሚወርዱት ውሆች ትልቁን አቃቂ ያበጃሉ። ቀበና ከተማውን አቋርጦ፣ በቦሌ በኩል ቡልቡላ ተብሎ ወርዶ ከዚሁ ወንዝ ይቀላቀላል። በምዕራብ በኩል የሚመጣው ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ ከከተማው በስተደቡብ፣ በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ወጥተው ወደ አዋሽ ይገባሉ።

የአቃቂ ውሃ ለኤሌክትሪክ መዋል የጀመረው በ1904 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን ኀይሉ ለአነስተኛ ፋብሪካዎች ነበር። የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ግን በኢጣልያ ወረራ ዘመን ተሠርቶ 6.6 ሜጋዋት ያህል ሰጠ፤ ከነጻነት በኋላም ለዋና ከተማው መብራት ሆነ። በ1952 ዓ.ም. ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ በአዋሽ ላይ የተሠራው የቆቃ ማመንጫ 43.2 ሜጋዋት ስላመጣ የአባ ሳሙኤል ድርሻ አነሰ። መሣሪያው አርጅቶ፣ ደለልም ተከማችቶበት በ1962 ዓ.ም. ገደማ ሥራውን አቆመ። በቻይና መንግሥት እርዳታ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ተመረቀ።

ደለል የመጣበትን ምክንያት ለማስረዳት አንድ የታወቀ ተረት ይበቃል። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። አቃቂ ግን በአባ ሳሙኤል ማደሪያ አግኝቷል። የሚሮጥ ውሃ አፈር ይሸከማል፤ ሲቆም ሸክሙን ያራግፋል። ስለዚህ በክረምት ከየተዳፋቱ የታጠበው አፈር ሁሉ በግድቡ ሥር ይተኛል።

የሸክሙ ዓይነትም ከከተማው ጋር ተለውጧል። ቦሌ የአውሮፕላን ማረፊያ ከመሆኑ በፊት አካባቢው በአብዛኛው እርሻና ግጦሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ወደ ምሥራቅ ሲሰፋ፣ በአቃቂና በቃሊቲም ፋብሪካዎች ሲበዙ፣ የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ወደ ወንዙ ገባ። ከላይ፣ በለገዳዲ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ግድብ የከተማውን የመጠጥ ውሃ ያጠራቅማል። እንግዲህ ከተማው ከወንዙ ራስጌ ንጹሑን ይወስዳል፤ ወደ ግርጌው ቆሻሻውን ይለቅቃል።

ጉዳቱ በግርጌ ብቻ አይቀርም። በወንዙ ዳር የሚኖሩ ገበሬዎች በዚሁ ውሃ ከብት ያጠጣሉ፤ ጎመንና ሰላጣ ያለማሉ። አትክልቱም ተመልሶ ለአዲስ አበባ ገበያ ይቀርባል። ተመራማሪዎች በአቃቂ ሸለቆ አፈርና አትክልት ውስጥ እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል።

ከዚህ እንደሚታየው ማመንጫውን ማደስ ብቻውን አይበቃም። የአባ ሳሙኤል ዕድሜ የሚወሰነው በግድቡ ግንብ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን፣ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ባለው ዛፍና በቦሌ በሚዘረጋው የፍሳሽ ቦይ ጭምር ነው።