የፈረስ ልጓም ዕቃ ሁሉ ያስፈልጋልን?

አንባቢዎች ሆይ፤ አፉን የማይገታ ሰው ሲያጋጥማችሁ «ልጓም የለውም» ትላላችሁ። ይሁን እንጂ ልጓም ከምን ከምን እንደ ተሠራ፥ እያንዳንዱም ለምን እንደሚበጅ ብትጠየቁ፥ ፈረስ ያላችሁ እንኳ ጥቂት ታመነታላችሁ። በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ ግን መኪና በማይደርስበት ተራራ ፈረስና በቅሎ የሰው እግር ናቸውና፥ ጥያቄው ለጨዋታ ብቻ የሚነሣ አይደለም።

እንግዲህ ከራሱ እንጀምር። ከጆሮ ኋላ የሚያልፈው ጠፍር በሁለቱ ጉንጮች ከሚወርዱት ጋር ሆኖ የአፉን ብረት ያንጠለጥላል፤ እነዚህ ከሌሉ ብረቱ ይወድቃል። የግንባሩ ጠፍር ልጓሙ ወደ አንገት እንዳይንሸራተት፥ በጉሮሮ ሥር የሚታሰረውም በጆሮ በኩል እንዳይወልቅ ይጠብቃሉ። በሜዳ ለሚሄድ ሰው ያለ ሁለቱ ይቻል ይሆናል። ወደ ተከዜ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ልጓሙ ቢወልቅበት ግን ፈረሰኛው ምን ይይዛል?

የአፍንጫው ጠፍር ነገር ሌላ ነው። ፈረስ በአፉ አይተነፍስም፤ የሚተነፍሰው በአፍንጫው ብቻ ነው። ጠፍሩ ሲጠብቅ ደግሞ አፉን ከፍቶ ሕመሙን እንዳያሳይ ይከለክለዋል። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽንም በ2017 ዓ.ም. ጥብቀቱን በመለኪያ መሣሪያ ማስመርመር የጀመረው ስለዚህ ነው።

መርገፉና የብር ጌጡስ? ዋግ የዋግሹሞች አገር ነው፤ ከእነርሱም ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። በዚያ ዘመን ታላላቆች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስም አባ በዝብዝ ተብለዋል። የፈረሱ ጌጥ የጌታውን ማዕርግ ይናገር ነበር። ፈረሱን ባይጠቅመው እንኳ አልጎዳውም።

የሚጎዳው ማንም ሰው «አስፈላጊ አይደለም» ብሎ የማይጠረጥረው የአፉ ብረት ነው። ብረቱ የሚያርፈው በፊት ጥርስና በመንጋጋ ጥርስ መካከል፥ ጥርስ በሌለበት ስስ ድድ ላይ ነው። ከጥንት በአገራችን የተለመደው ልጓም ደግሞ የታችኛውን መንጋጋ የሚከብ የብረት ቀለበት አለው፤ ዛብ ሲሳብ ብረቱ ላንቃውን ይወጋል፥ ቀለበቱም አገጩን ይጨምቃል። ጋሻና ጦር ይዞ በአንድ እጅ ለሚነዳ ጦረኛ፥ ወይም በጉግስ መካከል ድንገት ማቆም ለሚሻ ሰው ይህ ኀይል ምክንያት ነበረው። እህል ለማስፈጨት ወይም ገበያ ለመድረስ ለሚሄድ ሰው ግን ምን ያደርግለታል?

ስለዚህ ምክሬ ልጓሙን ጣሉት የሚል አይደለም። ልጓሙን በፈታችሁ ቁጥር የፈረሱን ከንፈር፥ ምላስና አገጭ ተመልከቱ። ቁስል ካለ እስኪድን ድረስ ብረት አታግቡበት፤ ሻካራውን ብረት አስሞርዱ፤ ለዘወትር መንገድ ቀለበት የሌለው ልጓም ይበቃል። በቁልቁለትም ዛቡን አላሉ፤ ፈረስ ሚዛኑን የሚጠብቀው በራሱና በአንገቱ ነውና፥ አንገቱ በታሰረ መጠን እግሩ ይሳሳታል፤ ሲወድቅም ብቻውን አይወድቅም።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል ያገራችን ሰው። እንግዲያውስ ለሚያደርሰን እንስሳ የጦርነት ብረት ለምን እናጎርሰዋለን?